የቀኑ ለደሳለኝ፣ የሌሊቱ ለአትጠገብ

የእህቴ ልጅ ህሊና ልብ ወለድ እየጻፈች ነው፤ ለወጣቶች የሚሆን፣ ስለ ጠባቂ መላእክትና ከሞት በኋላ ስላለው አገር የሚተርክ፣ በእሷ አጠራር «ፋንታሲ» የሚባል ነገር። ባለፈው እሑድ ጎንደር እኔ ቤት መጥታ መስኮቱ አጠገብ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠችና ከስልኳ ላይ አንድ ምዕራፍ አነበበችልኝ። የእሷ መላእክት ክንፋቸው እንደ መስተዋት ያበራል፣ ትምህርት ቤት ገብተው ይመረቃሉ፣ ሥራቸውን ሲበድሉ ደግሞ ይታገዳሉ፤ ዕድሜ ልኬን መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝና ሰማይ ቤትም እገዳ አለ ወይ ብዬ ሳቄ አመለጠኝ። ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ግን የባለታሪኳ ወንድም ጦር ሜዳ ይሞታል፤ ሌሊት፣ ብቻውን፣ መልአኩ ሳይደርስለት። «እንዴት ነው አክስቴ፣ ሌሊት መሆኑ ልብ አይነካም?» አለችኝ። መንካቱንስ ነካ። ሻይ ላፍላልሽ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና ማንቆርቆሪያውን ጥጄ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

እኔ የማውቃቸው መላእክት ክንፋቸው አያበራም። የደባርቅ መላእክት ናቸው፤ በልጅነቴ ሁሉም ጋቢ ደርበው ነበር የሚታዩኝ፣ አለበለዚያ ያን ብርድ ማን ይችለዋል! ደባርቅን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ጠዋት ከገደሉ በታች የሚነሣው ጉም መንገዱን ተሻግሮ፣ አጥሩን ዘልሎ፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ሾልኮ እቤት ድረስ ይገባል፣ ልብስ እርጥብ እርጥብ፣ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል። ቤታችን ከገበያው ከፍ ብሎ ያለች ሁለት ክፍል ነበረች። እናቴ ጥጥ ፈትላ ለሸማኔ የምትሸጥ ሴት ስለነበረች እንዝርት ከእጇ አይጠፋም፤ ስትቆጣኝም፣ ስታለቅስም፣ ሰው ስታጫውትም እንዝርቷ ይሾር ነበር።

ስለ መላእክት ያስተማሩን የነፍስ አባታችን መምሬ ይኄይስ ናቸው። ሰው ክርስትና ሲነሣ ሁለት ጠባቂ ይሰጠዋል፣ አንዱ የቀን፣ አንዱ የሌሊት፤ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ይቀያየራሉ ይሉን ነበር፣ ቃላቱን እየጎተቱ፣ እያንዳንዷን ቃል የሚቀምሷት እስኪመስል። ማተብም የሚታሰረው በዚያው በክርስትናው ዕለት ነውና እኔ በገዛ እጄ ነገሩን አያያዝኩት፤ ሁለቱ መላእክት አንገቴ ላይ ባለው ጥቁር ክር የታሰሩ መሰለኝ። አባቴ በሳንባ ምች የሞተ ጊዜ ግን ተናድጄ ሄድኩባቸው። ማተብ ነበረው፣ ሁለት ጠባቂም ነበረው፣ ታዲያ የት ሄደው ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። መምሬ አልተቆጡኝም፤ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ መልአክ ሞትን አያስቀርም» አሉኝ። «ሰው ብቻውን እንዳይሄድ ነው የሚጠብቀው።»

አባቴ ሲሞት እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ቤቱም የወደቀው ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ላይ ነው። ደሳለኝ ከደባርቅ ዛሪማ በሚመላለስ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሊማሊሞን ወርዶ ቆላውን ውሎ ሲመለስ ልብሱ ራሱ ይሞቅ ነበር፤ እኔ እየሮጥኩ ኪሱ ውስጥ እጄን ስከት ሁልጊዜ ሰሊጥ አገኛለሁ፣ ከሰሊጡ ጋርም ምስማርና የናፍጣ ሽታ። ከኪሱ ታች ተሰግስጋ የቀረችውን እንኳ በጥፍሬ እያወጣሁ እበላ ነበር። አሁን ሰሊጥ በኪሎ ገዝቼ አመጣለሁ፣ ያን ጣዕም ግን አላገኘሁትም።

ከዚያ እህቴ ተወለደች። ትንሽ ነበረች፣ በጣም ትንሽ፤ እናቴ በባና ጠቅልላ ስታቅፋት ባናው ባዶ ይመስላል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፣ እስከዚያ ስምም ማተብም የላትም፣ ማሚት እየተባለች ትቆያለች። ማሚት ደግሞ ገና በዐራስነቷ ሳል ያዛት። ቀን ቀን ደህና ትውልና ሲመሽ እንደ ትልቅ ሰው ትስላለች፣ ትኩሳቷም አብሮ ይነሣል። መምሬ ይኄይስ፣ ከባሰባት ሰማንያውን ሳትጠብቁ ጥሩኝ፣ እናጠምቃታለን ብለው ነበር፤ እናቴ ግን እሳቸውን መጥራት ሞቷን አሜን ብሎ መቀበል መሰላትና እንቢ አለች። ጠያቂ ሆነው የመጡ ጎረቤቶች፣ ሳትጠመቅ ብትሞት እኮ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አትቀበርም ብለው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። እኔን ያስጨነቀኝ መቃብሩ አልነበረም። ማሚት መልአክ የላትም፤ ብትሄድ ብቻዋን ነው የምትሄደው። ገና አንገቷን ያላቀናች ልጅ እንዴት አድርጋ ነው መንገዱን የምታውቀው እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትኩ።

በዚያው ሰሞን ቀበሌ ደሳለኝን ለብሔራዊ ውትድርና ጠራው። እናቴ ሄዳ ለመነች፣ ባሌ ሞቷል፣ ዐራስ ነኝ፣ ያለኝ ወንድ እሱ ነው አለች፤ የእናት አገር ጥሪ ነው ብለው መለሷት። ስትመለስ አላለቀሰችም። ለስንቅ የሚሆነውን በሶ ልታዘጋጅ ገብስ አውጥታ ትቆላ ጀመር።

እኔ ታዲያ ቤቱ ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩና ሐሳቤን አወጣሁ አወረድኩ። ያሉኝ ሁለት መላእክት ናቸው፣ ችግረኞቹም ሁለት ናቸው። ማሚት የሚብስባት ሌሊት ነው፣ ስለዚህ የሌሊቱ ለእሷ። ወታደር ደግሞ ቀን ቀን ተዋግቶ ማታ ይተኛል፣ እንደ መንገድ ሠራተኛ ማለት ነው፣ ስለዚህ የቀኑ ለደሳለኝ። እናቴ ፈትል የምትቆርጥበትን ምላጭ አምጥቼ ማተቤን ከአንገቴ ፈታሁና ከመካከሉ ለሁለት ቆረጥኩት። አንዱን የማሚት ባና ጫፍ ላይ ቋጠርኩ። ሌላውን የደሳለኝ ኮት ኮሌታ ውስጥ ስሰፋ ራሱ መጥቶ ያዘኝ።

ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ በሁሉም ነገር የሚስቅ ልጅ ነበር። ነገሩን ስነግረው ግን አልሳቀም። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ያን ጠማማ ስፌቴን ሲያይ ቆየ።

«አንቺስ በምን ትቀሪያለሽ?» አለኝ።

«እኔማ እምዬ አለችኝ» አልኩት።

ኮቱን ለብሶ ሄደ። ሜዳው ላይ ምልምሎቹን የሚጭኑት መኪናዎች ተደርድረው ነበር፣ የሰዉ ልቅሶና የሞተሩ ድምፅ ተቀላቅሎ የተናገረው አይሰማም ነበር፤ ከላይ ሆኖ በአውራ ጣቱ ኮሌታውን ነካ ነካ ሲያደርግ ግን አይቻለሁ።

ማተብ እንደሌለኝ መጀመሪያ ያየው ማን ይመስላችኋል? የፖለቲካ አስተማሪያችን! ከአጉል እምነት ራሷን ያላቀቀች ታዳጊ ብሎ ክፍሉ ፊት አቆመኝ፣ አስጨበጨበልኝም። እኔ ምን እንዳደረግሁ ባይገባኝም ጭብጨባው ደስ አለኝ፣ መሐረብ ስላልነበረኝ በእጅጌዬ አፍንጫዬን እየጠረግሁ እጅ ነሣኋቸው። ወሬው ገበያ ላይ እናቴ ጋ ደረሰ። እቤት ስገባ ጠራችኝ፣ የሸሚዜን ኮሌታ ገለጥ አድርጋ አንገቴን አየችና ዛሬ አለቀልኝ ስል፣ የት አደረግሽው ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እንዝርቷ ቆመ። እንዝርቷ ሲቆም ያየሁት ያኔ ነው።

«የትኛውን ነው ለደሳለኝ የሰጠሽው?»

«የቀኑን።»

በሩን አሻግራ ወደ መንገዱ አየች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ፣ ምን እንደሆነ ግን ያኔ አልገባኝም፤ ትልቅ ሰው ውጊያ መቼ መቼ እንደሚሆን ያውቃል። ከዚያ ከፈትሏ ክር መዘዘች፣ ጭኗ ላይ አክርራ አንገቴ ላይ አሰረችልኝና ደህና አደረግሽ አለችኝ።

ማሚት ዳነች። ሰማንያዋን ደፍና ክርስትና ተነሣች፣ አትጠገብ ተባለች፣ ሳሉም እየቀለላት ሄዶ ተዋት። ከደሳለኝ ግን አንድ ሁለት ጊዜ በሰው ሰላምታ ደረሰንና ጠፋ።

ደርግ የወደቀ ሰሞን የተበተነው ወታደር በደባርቅ መንገድ ሲያልፍ ይውል ነበር፣ እግሩን በጨርቅ የጠቀለለው፣ ዱላ የተደገፈው። እናቴ ውኃና ቆሎ ይዛ መንገድ ዳር ትቆማለች፤ የእያንዳንዱን ፊት ታያለች። አንድ ረፋድ ላይ አለባቸው የሚባል የዳባት ሰው ቤታችንን ጠይቆ መጣ። ከደሳለኝ ጋር በአንድ ምሽግ የነበረ ነው። እናቴ አጥሩ በር ላይ ተቀበለችው፣ እዚያው ቆመው ጥቂት ተነጋገሩ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ስትይዘው ከውስጥ ሆኜ አየሁና አወቅሁ። ግን አልጮኸችም። ሰውየውን አስገብታ አስቀመጠችው፣ አትጠገብን ጉልበቷ ላይ፣ እኔን አጠገቧ አደረገችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀችው።

«በል ለልጆቼ ንገራቸው። ቀን ነው ሌሊት?»

«ቀን ነው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ረፋድ ላይ ነው። ፀሐይ ወጥታ ነበር።»

ለወንድሜ አለቀስኩለት፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ግን ከልቅሶው ሥር አንድ ዕረፍት ነበር፤ ደሳለኝ ብቻውን አልሄደም፣ የእኔ የቀኑ አብሮት ነበር። በዚያ ዕረፍት ነው ያደግሁት፤ ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ፣ ወልጄ ስኖር ሌሊት ባነንኩ ቁጥር ረፋድ ላይ ነው እያልኩ መልሼ የተኛሁት በዚያ ነው።

እናቴ በሞተች ጊዜ አለባቸው ሸምግሎ፣ ዱላ ይዞ ለልቅሶ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ እሷ ጥንካሬ ሲያወጋኝ፣ እኔ የማውቀው መስሎት ነው መቼስ፣ እንዲህ አለኝ፦

«እኔማ በሩ ላይ እውነቱን ነግሬያቸው ነበር። ሌሊት ነው፣ ጨለማ ስለነበር ማንም አልደረሰለትም አልኳቸው። ‹ይኼን እኔ እይዘዋለሁ፣ ለልጆቼ ግን ቀን ነው በላቸው› አሉኝ።»

ለእናቴ ሁለተኛ ያለቀስኩት ያኔ ነው፣ ከመጀመሪያውም ይብሳል። እሷ እኮ ያን ሌሊት ሙሉ ዕድሜዋን ብቻዋን ይዛው ኖረች፤ እኔ ማካፈሌን እንዳልረግም፣ አትጠገብም የወንድሟን ጠባቂ ወስጄ ነው የዳንኩት እንዳትል። ዛሬ ያቺ ሁለት ክፍል ቤት የለችም፣ በቦታዋ ፎቅ ቆሟል። መምሬ ይኄይስም አርፈዋል። ብርዱ እንኳ እንደ ድሮው አይደለም ይላሉ። ይህ ሁሉ ይሁን፤ በእኔና በሌሊቱ መካከል የሚቆም ሰው ማጣቴ ነው ያቃተኝ።

ውኃው ፈልቶ ግማሹ ተንኖ ኖሯል። ሻዩን ይዤ ስመለስ የአትጠገብ ልጅ ስልኳን እንደያዘች ትጠብቀኛለች።

«ቀን አድርጊው» አልኳት።

«ለምን? ሌሊት ይሻላል እኮ አክስቴ፣ የበለጠ ያሳዝናል።»

«ለሚቀሩት ቀን ይሻላል። ረፋድ ላይ አድርጊው፣ ፀሐይ ወጥታ። መልአኩም አጠገቡ ይቁም።»

ትንሽ አኮረፈች፣ ከዚያ እሺ ብላ ጎንበስ አለችና መሰረዝ ጀመረች። ሻዩን ቀዳሁላትና እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ማታ እናቷ እንድታነብበው ልትልክላት ነው።