የዱባ ፍሬ ዘይት የጠጡት ቄስ

ደስ የሚል ወሬ ይዣለሁ። ቱቦው ወጥቷል፤ ሽንቱም ያለ ምጥ ወርዷል። ትናንት እሑድ ደግሞ ቅዳሴ ተገብቶ እስከ «እትዉ በሰላም» ድረስ ተዘልቋል።

የምሥራቹ ባለቤት ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ያለው የቂርቆስ ደብር ካህን፣ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ኑግ ጨምቄ የማድር ሰው ነኝ። በ1992 ዓ.ም. አንድ አቁማዳ አሸክመው መጡብኝ። ስፈታው የዱባ ፍሬ ነው።

«አባ፣ ይኸ ለኮሶ ትል እንጂ ለወጥ ምን ይሆናል?» አልኋቸው።

«ወጥ ማን አለህ? አንተ ጭመቅ።»

ከስንት ጥየቃ በኋላ ነገሩኝ። ሽንት ያጣድፋቸዋል፤ ሲወጡ ጠብ ጠብ ብሎ ይቀራል። ያየቻቸው ነርስ «ፕሮስቴት የሚባል የወንድ እጢ አብጦብዎታል፤ ባሕር ዳር ሄደው ይታዩ» ብላቸዋለች። እሳቸው ግን የዱባ ፍሬ ዘይት ያቃልላል ሲባል ሰምተዋል።

«ዘይት የጾም ነው፤ እንደ ሐኪም ቤቱ ቢላዋም የለው» አሉኝ።

ካህን ቅዳሴ ከገባ እስኪያልቅ መውጣት የለም። ያን ያህል መቆየት ቢያቅታቸው መቅደስ መግባቱን ተዉት። ምክንያቱን መናገር ደግሞ ሞት መሰላቸው፤ ባለቤታቸውን እትዬ ወለተ ሐናን እንኳ እንዳይተነፍሱ አስማሏቸው። በእኛ አገር በእግሩ ቆሞ እየሄደ የማይቀድስ ቄስ ወሬው አንድ ነው፤ በሚስቱ ላይ ሄዶ ክህነቱን አፍርሷል ይባላል። የንስሐ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ሌላ አባት ያዙ። ቀድማ የሄደችው ካሰች ናት። «ራሱ ያልነጻ እኔን በምኑ ያነጻኛል?» ብላ ገበያ መሐል ተናገረች። እትዬ ወለተ ሐና ይህን እየሰሙ ውኃ ቀድተው ተመለሱ።

ዘይቱ ትንሽ የሠራ መሰለ፤ ክፋቱ እሱ ነው። ማታ ማታ አንድ ማንኪያ ሲጠጡ፣ ሌሊት ስድስት ጊዜ መነሳቱ አራት ሆነ።

«ይኸው! ትንሽ ይታገሡ» እላለሁ እኔ።

እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት ታገሥን። በጽጌ ጾም ሽንታቸው ጨርሶ ተዘጋ። በቃሬዛ ወርደው ቱቦ ገባላቸው፤ ሰንብተውም ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው።

ሐኪሙ «ዘይቱ አልጎዳዎትም። ማቃለሉንም እንጃ፤ ይኸ ሕመም አንዳንዴ በራሱ ጋብ ይላል። የጎዳዎት መቆየትዎ ነው» አላቸው። አጠገባቸው ነበርሁ፤ መሬት መሬቱን አየሁ።

ትናንት ቀድሰው ሲወጡ መስቀላቸውን ይዘው ደጁ ላይ ቆሙ። ሰው እየተሳለመ አለፈ። የንስሐ ልጆች የነበሯቸው አሥራ ሰባት ቤት ነው፤ «አባ፣ ልመለስ» ያለ አንድም የለ።

«አባ፣ አሁንስ ልናገር?» አልኋቸው እኔ።

«ምኑን?»

«እጢውን ነዋ።»

መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠቀልሉ ቆዩ። «ስም ካለቀ ወዲያ ሽንት ምን ያሳፍራል? ንገር። ወለተ ሐና እንኳ ቀና ብላ ውኃ ትውረድ።»

ስለዚህ ዛሬ መጭመቂያውን ዘግቻለሁ። ካሰች ጅጋ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች። ያን ቀድማ ያወራች ይህንንም ቀድማ ትስማ። መኪናው ጡሩምባ እየነፋ ነው፤ ሄድሁ።