ከወረቀቱ ጀርባ ያለችው ፀዳለ

ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለው የብስኩት ፋብሪካ በዓመት አንድ ቀን ሠራተኛውን ይወዳል። ፍቅሩ ጠዋት አውቶቡስ ሲነሣ ይጀምራል፤ ማታ አውቶቡሱ ሲመለስ ያበቃል። የዚያን ቀን ሁሉም «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» የሚል ቲሸርት ይለብሳል፤ አለቆቹ በልካቸው፣ የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ደግሞ የተረፈውን። ቢሾፍቱ ወይም ቆቃ ሐይቅ ዳር ድንኳን ይተከላል፣ ገመድ ጉተታ ይካሄዳል፣ የአስተዳደሩ ቡድን ያሸንፋል። ቤተሰብ ነዋ፤ አባት በልጆቹ ሲሸነፍ የት ታይቶ ያውቃል።

እንዲህ ያለ ፍቅር ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ፎቶ አንሺ ይቀጠራል።

መጀመሪያ ሰሞን የሚያነሣው የሥራ አስኪያጁ የእህት ልጅ ነበር፣ በስልኩ። አንድ ዓመት የቦርድ ሰብሳቢውን አናት ቆርጦ ክራባታቸውን ብቻ አስቀረ፤ ክራባቱም በፋብሪካው መጽሔት የፊት ገጽ ላይ ወጣ። «ሙያተኛ ይቀጠር» የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። በአገራችን ሙያ የሚታወሰው የአለቃ ራስ ሲቆረጥ ነው።

ሙያተኛው ኢተፋ ሆነ። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ጠባብ ስቱዲዮ ያለው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሰላም ሲሉት እንኳ ሰው ያስቸገረ የሚመስለው ሰው። ሚስቱ ፀዳለ የዚሁ ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ውል በተፈረመበት ዕለት የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ፈቃዱ እስክሪብቶ እያቀበሉት ፈገግ አሉና፣

«መቼም ወንድሜ፣ በድርጅቱ ወጪ የሚስትህን አልበም እንዳትሞላልን» አሉት።

ቀልድ ነበር። አቶ ፈቃዱ ራሳቸው ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ ረስተውታል። ኢተፋ ግን የውሉን አንቀጾች ሁሉ ረስቶ ያቺን አንዷን ይዞ ወጣ። ይሉኝታ የሚባለው እስር ቤት እንዲህ ነው፤ ዘበኛ የለው፣ አጥር የለው፣ እስረኛው ራሱ በሩን ከውስጥ ይቆልፋል። ሰፊው ሕዝብ ከገዢዎቹ ብዙ ጊዜ ተላቋል፤ ከ«ሰው ምን ይለኛል» ግን እስከ ዛሬ ነፃ አልወጣም።

ከዚያ ቀን ወዲያ የኢተፋ ካሜራ ሚስቱ ጋ ሲደርስ መንገድ ይቀይራል። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ተሰልፈው ሲነሡ ፀዳለ ዳር ትቆማለች፤ ፎቶው ውስጥ የሚገባው ክርኗ ነው። ስትጨፍር ጀርባዋን፣ ስትበላ ሳህኗን። ገብቷታል። አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ትስቅበት ነበር። «የእኔ ባል እኮ እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው የሚሸሸኝ» ትላለች ለጓደኛዋ ለጥሩነሽ። ጥሩነሽም «ምን ወስደሽበት ነው?» ትላታለች፤ ሁለቱም የብስኩት ካርቶን ላይ ተደፍተው ይስቃሉ።

አንድ ቦታ ግን ፀዳለ ትፈለግ ነበር። ድንኳን ውስጥ የሸራው ቀለም በሰው ፊት ላይ ይወርዳል፤ ሰማያዊው ሬሳ ያስመስላል፣ ቢጫው የጉበት በሽተኛ። ስለዚህ ሥራ ሳይጀመር ለካሜራው ነጭ ወረቀት ይታያል፤ «ነጭ ማለት ይህ ነው፣ የቀረውን ከዚህ ተነሥተህ አስላ» እንደ ማለት። ወረቀቱ የሚያዘው ደግሞ በኋላ የሚነሣው ሰው ፊት በሚሆንበት ቦታ ላይ ነው። የምትይዘው ፀዳለ ነበረች። ሥራ አስኪያጁ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ትቆምና በፕላስቲክ የተለበጠውን ወረቀት በሁለት እጇ ፊቷ ላይ ትጋርዳለች።

«ከፍ አድርጊው» ይላል ኢተፋ።

ከፍ ታደርገዋለች። ካሜራው ቀጭ ይላል።

«አሁንስ ላውርደው?»

«አውርጂው፣ ጨርሰናል።»

ወረቀቱ ሲወርድ ኢተፋ ዞሮ ወደ ሥራ አስኪያጁ እየሄደ ነው። በየዓመቱ እንዲሁ፣ ቆቃም ሆነ ቢሾፍቱ። ያቺ ሴት ወረቀቱን ስታወርድ ፊቷ ላይ ምን እንደነበረ ያየ ካሜራ የለም። ባልም የለም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ፀዳለ ልብስ ስታጥብ «ራሴን» ብላ ተቀመጠች። አልተነሣችም።

የሬሳ ሳጥኑ ላይ የሚቆም ፎቶ ሲፈለግ የተገኘው የመታወቂያዋ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። የመታወቂያ ፎቶ መቼም ሰውን ሁሉ ተጠርጣሪ ያስመስላል። እሱን አስፍተው፣ ደብዝዞ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ አንድ ነገር ሰርቃ የተያዘች መስላ ተሸኘች። የኳየር ልጆች ዘመሩ፤ ጎረቤቱ «ጌታ ያጽናናህ» አለ። አንዲት ሴት ደግሞ፣ ስታንሾካሹክ መንደር የምትሰማ ዓይነት ሴት፣ «ፎቶ አንሺ ሆኖ ይህቺን ብቻ?» አለች። ኢተፋ ሰማ። የፈራው ሰው ይኸው በመጨረሻ አማው፤ ያውም በተቃራኒው።

የሰርጋቸው ፎቶማ አለ። ግድግዳው ላይ ናት፤ ገና ልጅ፣ ቬል የለበሰች፣ ከንፈሯን ያቀሏት። ኢተፋ አያት አያትና ፊቱን ያዞራል። የሞተችበት ሴት ይህቺ አይደለችም። የሞተችበትማ፣ ጉንጯ ላይ የመጥበሻ ዘይት የፈነጠቀበት ጠባሳ ያላት፣ ስትስቅ ግራ ዓይኗ ቀድሞ የሚጨፈን፣ ፀጉሯን ሽበት የጀመራት ሴት ናት። ያቺን ማን አነሣት? ቤቱ ውስጥ ካሜራ ማውጣት ለኢተፋ እሁድ ቀን ፋብሪካ እንደ መክፈት ነበር።

ጥቅምት ላይ ሊዲ ደወለች፤ የፋብሪካው አዲስ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ በቤተሰብ ቀን ላይ ያረፉ ባልደረቦቻችንን በስክሪን እናስባለን። የእትዬ ፀዳለን ፎቶ ይልኩልኛል? ሲስቁ ቢሆን ደስ ይለኛል። መቼም እርስዎ ጋ ሞልቷል።»

«ሞልቷል» አለ ኢተፋ።

የስቱዲዮውን በር ዘጋና የዓመታት ሥራውን ከፈተ። የፋብሪካው ታሪክ በሙሉ እዚያ ነበር፤ አቶ ፈቃዱ ኬክ ሲቆርሱ፣ አቶ ፈቃዱ ሲያጎርሱ፣ አቶ ፈቃዱ ሲጎርሱ። ሥራ አስኪያጁ በቲሸርት፣ ሥራ አስኪያጁ ገመድ ሲጎትቱ፣ ገመዱ ከሥራ አስኪያጁ ጋር። ኢተፋ እነሱን እየገፋ በትርፍራፊው ውስጥ ሚስቱን ፈለገ። ክርን አገኘ። የሻርፕ ጫፍ አገኘ። ከአንድ የቦርድ አባል ትከሻ ጀርባ ግማሽ ጆሮ አገኘ፤ የጆሮ ጌጡን ራሱ ስለገዛው አወቀው።

ከዚያ በየዓመቱ ፎቶዎች መጀመሪያ ላይ ወረቀቱን አገኘው። ቀለም ለማስተካከል ስለሚጠቅም አጥፍቶት አያውቅም። ጥርት ያለ፣ በደንብ የበራ፣ የተዋጣለት ፎቶ፤ መሐል ላይ ነጭ ወረቀት፣ በወረቀቱ ግራና ቀኝ የፀዳለ ጣቶች። አንዱን ዘግቶ የሚቀጥለውን ከፈተ። ጣቶቹ እየወፈሩ ሄዱ። ቀለበቱ እየጠበበ ሄደ። አንዱ ዓመት ላይ አውራ ጣቷ በፋሻ ታስሯል፤ ምን ሆና እንደነበር ሊያስታውስ ሞከረ፣ አልቻለም። በባሏ ዓይን ሥር እጆቿ ሲያረጁ በዝርዝር ተመዝግቧል። ፊት የለም።

ቀና ብሎ ጥሩነሽን ፍለጋ ሄደ።

«በእኔ ስልክ አንድ አለች» አለች ጥሩነሽ፣ እያመነታች። «ግን እንዳትቀየመኝ። በሻይ ሰዓት በፊልተር ስንቀልድ ነው።»

አሳየችው። ፀዳለ ትስቃለች፤ የድመት ጆሮ አብቅላ፣ ጉንጯ ላይ ጢም ተሰክቶ፣ ቆዳዋ እንደ ሸክላ ሰሐን ለስልሶ። ጠባሳው ጠፍቷል። አፍንጫዋ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቀጭን አፍንጫ ሆኗል።

«አንተ ባለሙያ ነህ፤ ጆሮውን ማጥፋት አይቻልም?»

«ጆሮውማ ይጠፋል» አለ። «እሷ ናት የማትገኘው።»

በማግስቱ ሊዲ ቢሮ ሄዶ ከወረቀቱ ፎቶዎች አንዱን አሳጥቦ ሰጣት። ልጅቷ አገላብጣ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ወረቀት ነው።»

«ከጀርባው እሷ ናት።»

ሊዲ ክፉ አልነበረችም፤ ክፋትም ጊዜ ይፈልጋል፣ እሷ ጊዜ አልነበራትም። ዓይኗ እንባ ሞላና ወዲያው ስልኳ ጮኸ። «አቶ ፈቃዱን ልጠይቅልዎ» አለች። ጠየቀች። አቶ ፈቃዱ ለደቂቃ አሰቡበት፤ ሰው ሲሞት እንዲህ ማሰብ ያውቁበታል፤ ከዚያም «ግራ ያጋባል፤ ፎቶ ለሌለው ሻማ ይደረግ» ብለው ወሰኑ።

የቤተሰብ ቀን ደረሰ። ዘንድሮ ድንኳኑ ቢጫ ነበር። ኢተፋ እንደ ልማዱ ቀድሞ ደርሶ፣ ካሜራውን አቁሞ፣ ከቦርሳው ወረቀቱን አወጣ። ከዚያ የሚያደርገው ጠፋው። ወረቀቱን ይዞ ባዶው ቦታ ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ ጥሩነሽ የሚንሳፈፍ ቲሸርቷን እየሰበሰበች መጣች። ከእጁ ተቀበለችውና ጓደኛዋ ስታደርግ እንዳየችው ቆማ ፊቷን ጋረደች።

«ከፍ ላድርገው?» አለች ከወረቀቱ ጀርባ።

ኢተፋ ዓይኑን ወደ ካሜራው አስጠጋ።

«ኢተፋ? ከፍ ላድርገው ወይ?»

«አውርጂው።»

«ገና አላነሣኸውማ።»

«አውርጂው፣ ጥሩዬ።»

አወረደችው። ግራ ተጋብታ፣ አፏ በግማሽ ተከፍቶ፣ አፍንጫዋ በእንባ ቀልቶ። ያኔ ቀጭ አደረገው። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብሏት ቦርሳው ውስጥ ከተተና ዚፑን ዘጋ። ቀኑን ሙሉ አልከፈተውም።

ንግግሩ ሲጀመር ኢተፋ የቆመው ከኋላ ነበር፤ የማሸጊያ ክፍል ሴቶች በተደረደሩበት፣ ካሜራው ደርሶበት በማያውቅ ጥግ። አንድ በአንድ ቀና አሰኝቶ ፊታቸውን ያነሣል። አቶ ፈቃዱ በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ መጡ።

«አቶ ኢተፋ፣ መድረኩ በዚያ በኩል ነው።»

«አይቼዋለሁ» አለ ኢተፋ፤ ካሜራውን ከዓይኑ ሳያወርድ።

ስክሪኑ በራ። አንድ ዘበኛ ታዩ፣ ፈገግ ብለው። አንድ ሹፌር፣ መኪናውን ተደግፎ። ቀጥሎ ከኢንተርኔት የወረደ ሻማ፣ ሥሩ «ፀዳለ» ተብሎ። ነበልባሉ ወደ ግራ ይወዛወዛል፣ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፣ እንደገና ይጀምራል። ሠራተኛው ተነሥቶ ቆመ። ሊዲ ከሩቅ «ያንሡት» ብላ በእጇ ጠቆመችው። ኢተፋ አነሣው። የተቀጠረበት ሥራ ነው።

ሥራውን ሲያስረክብ ፎቶው ሁሉ ቢጫ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቢጫ፣ ቦርዱ ቢጫ፣ ኬኩ ቢጫ። ቁጭ ብሎ ቢታገል ያስተካክለው ነበር፤ አልታገለም። ፋብሪካው ለከርሞ ድሮን ያለው ልጅ ከአዲስ አበባ ለመቅጠር ተስማማ። ከላይ ሲነሣ ሠራተኛው እንደ ብስኩት ተደርድሮ ይታያል ብለው በጣም ወደዱት። ስለ ፊትም የሚጨነቅ አይኖርም።

ኢተፋ አንዷን ፎቶ አሳጥቦ በፋብሪካው በር ላይ ጥሩነሽን ጠበቃት። ሴቶቹ ከፈረቃ ሲወጡ ነፋሱ አቧራ ያነሣ ነበር። ጥሩነሽ ፎቶውን ወደ ብርሃን ዞር አድርጋ አየችው።

«ውይ፣ ቢጫ ሆኛለሁ።»

«ሆነሻል።»

«ወረቀቱን ብይዝልህ ኖሮ?»

«ያምርብሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አውርጂው አልከኝ?»

ባጃጆቹ ሰው እየጠሩ ነበር። ኢተፋ የቦርሳውን ማንገቻ ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ስታወርጂው ልይ ብዬ» አላት።