ድንቼና የይብራዋ እንቁላል

ስለ ግድባችን የምጽፈው ውለታ ስላለብኝ ነው። እሑድ እሑድ ከእንጅባራ በባጃጅ የሚመጡት ሰዎች ግድቡን ለፎቶ ይፈልጉታል። ሙሽሮች ቬሎአቸውን ሰብሰብ አድርገው ዳር ዳሩን ይቆማሉ፤ ይብራዎቹም ለምደዋቸው ከውሃው አይነሡም። እኔ ግን ያን በጋ ሐሳቤ ሁሉ መስኖው ላይ ነበር። የከተማ ሥራዬን ትቼ፣ ሦስት ዓመት ጦም ያደረውን የአባቴን ማሳ ድንች ተክዬበታለሁ። ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል። እሱ ከደረቀ ሁለት ልጆቼን የማበላው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

የመጀመሪያው የውሃ ተራዬ በደረሰ ቀን ዶማዬን ይዤ በጧት ወረድኩ። የውሃ አባታችን፣ ውሃውን በተራ የሚያከፋፍሉን ሽማግሌ፣ ቦዬ አፍ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ዛሬ አይከፈትም» አሉኝ።

«ምነው አባባ?»

በከዘራቸው አሳዩኝ። ወደ እኔ ማሳ ብቻ የሚሄደው ቦይ ከደረቀ ቆይቶ ሣር በቅሎበታል፤ ሣሩ ውስጥ ይብራ እንቁላሎቿን ታቅፋ ተኝታለች። አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ እንጂ አልተነሣችም።

እኔ ቶሎ የምነድ ሰው ነኝ። «ወይ ጉድ! የወፍ እንቁላል ከልጆቼ በለጠ?» ብዬ ጮኽኩ። «እርስዎ ምን አለብዎት፣ የእርስዎ ድንች አብቧል!» ሌላም ብዙ አልኩ፤ ዛሬ መጻፉ ያሳፍረኛል። ያመለጠ ተራ የሚመለሰው ከስምንት ቀን በኋላ ነው፤ ድንቼ ደግሞ ያን ያህል አይቆይልኝም። እየተሳደብኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ለጠብ ተዘጋጅቼ ተመለስኩ። ማሳዬ ጫፍ ስደርስ እግሬ ጭቃ ውስጥ ገባ። ድንቼ ውሃ ጠጥቷል! በየት መጣ ብዬ ውሃውን ተከትዬ ሽቅብ ብወጣ፣ የሚመጣው ከሽማግሌው ማሳ ነው። በራሳቸው ተራ፣ ያበበውን ድንቻቸውን መሀል ለመሀል ሰንጥቀው አዲስ ቦይ ቀደውልኛል። ጎንበስ ብለው የተነቀለውን ድንች ይለቅማሉ፤ ገና የዋንዛ ፍሬ ቢያክል ነው።

«ውሃው ደረሰልህ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ደረሰልኝ» አልኩ። ይቅርታ ልል አፌን ብከፍት እንባ ቀደመኝ። እግራቸውን ልስም ዝቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሡኝና የለቀሙትን በፌስታል አስያዙኝ።

«የአንተ እስኪደርስ ለልጆቹ ቀቅልላቸው» አሉኝ።