በማርያም ዕለት የተሳለው መስቀል

ወሬው የደረሰኝ ጥጥ ስፈትል ነው። ጎረቤቴ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን እንኳ ሳታወርድ ደጄ ላይ ቆመች።

«አደይ፣ ሰማሽ? የጨው ግቢውን ካቦ አባረሩት! ከወሎ በተመለሰው ጨው ላይ የገዛ ምልክቱ ተገኘበት።»

እንዝርቴን አስቀመጥኩ። ጾም ላይ ነበርኩ፤ ከደስታ ግን አልጾምኩም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ ባሌ ሞቶብኝ፣ ከአገሬ ከላስታ ርቄ፣ እዚሁ መቀሌ አንድ የጨው ነጋዴ ግቢ ተቀጥሬ ነበር። ግመሎች ከአፋር ቆላ ያመጡትን አሞሌ በእንጨት እየለካን፣ ሙሉውን ለሩቅ ገበያ፣ ሽራፊውን ለከተማው እንለያለን። ጌታው ሐሳቡ አንድ ነበር፤ ከእሱ ቤት የወጣ አሞሌ ሸዋ ቢደርስ እንኳ ጠርዙ አይጎድልም እንዲባል። ይህን ስሙን የሚጠብቀው በጥቀርሻ ነው። እያንዳንዳችን፣ አለቃችን ካቦው ጭምር፣ በለየነው እስር ላይ የየራሳችንን ምልክት እንስላለን፤ ሽራፊ ከተመለሰ ባለ ምልክቱ ይጠየቃል። የኔ መስቀል ነበር።

ብልህ ሥርዓት ነው። ጌታው ግን ካቦውን በጭነት ብዛት ያሞግሰው ጀመር። ካቦው ጥድፊያ ለመደ፤ እኔ ደግሞ እያንዳንዱን አሞሌ ሳላገላብጥ አላልፍም።

«ኧረ እመይቴ፣ ልትሳለሚው ነው ልታሳልፊው?» ይለኛል። ግቢው ይስቃል።

ወር በገባ በሃያ አንደኛው ቀን፣ በማርያም፣ ሥራ አልነካም። ጌታውም ያውቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ከወሎ ገበያ ሽራፊ ብቻ የሞላባቸው እስሮች ተመለሱ፤ ሁሉም ላይ መስቀሌ አለ። ጌታው በሰው ፊት አቆመኝ።

«ያንቺ አይደለም?»

«ምልክቱ የኔ ነው ጌታዬ፣ እጁ ግን የኔ አይደለም። መቼ እንደታሰረ ይጠየቅልኝ።»

«ምልክቱ ተናግሯል» አለና ከሥራ አሰናበተኝ።

ጥቀርሻ የማን ምልክት እንደሆነ እንጂ መቼ እንደተሳለ አይናገርም። በር ላይ ስደርስ ጨዉን በልጥ ከሚያስሩት ሦስት ሴቶች አንዷ ተከትላ ያዘችኝ። «አንቺ ማርያም የሄድሽ ቀን ነው። ካቦው በጣቱ ሲስለው ሦስታችንም አይተናል» አለች። «ግቢና ንገሪልኝ» አልኳት። «ልጆች አሉኝ» ብላ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወርድ፣ የተሸረፈ ጨው በተገኘ ቁጥር «የላስታይቱ ነው» ሲባል እሰማለሁ። የነፍስ አባቴ ይቅር በይ ይሉኛል። እሺ እላቸዋለሁ፤ ስሰግድ ግን ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ያንን ጣት እከሳለሁ። አሁን በገዛ ጥቀርሻው ተፈረደበት፤ እኔ ግን አልጠገብኩም። እሱ የተባረረው በራሱ ምልክት እንጂ በኔ መስቀል አይደለም። መስቀሌ እንደቆሸሸ ነው።

እናንተ ልጥ አሳሪዎች፣ አሁን የምትፈሩት ካቦ የለም። ሦስታችሁም ጌታው ዘንድ ግቡ። ካቦውንም አስጠሩት። ያ ቀን የማርያም ዕለት እንደነበረ፣ መስቀሌን የሳለውም ማን እንደሆነ፣ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ተናገሩልኝ። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ ጠይቁኝ።