ሦስተኛው ጥይት

ትእዛዙ የደረሰን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ጋንታችን ከፊት ለፊቱ ያለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። ዛፍ የሚባል አልነበረበትም፤ እኛ «መላጣው» እንለው ነበር። ሃያ ስድስት ነበርን። የጋንታው መሪ እኔ ነበርኩ፤ ማዕረጌ ምክትል መቶ አለቃ። ከአጠገቤ የማይለየው አስር አለቃ ከድር የጉርድ ሾላ ልጅ ነው፤ እናቱ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እኔም የካ ስላደግኩ የሰፈር ወሬ አያልቅብንም ነበር።

ስለ ጀግንነት የማወራላችሁ የለኝም። የማወራላችሁ ስለ አንድ ሽጉጥ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሽጉጡን የተረከብኩት ከመዝመታችን በፊት ነው። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በዘይት ወልውሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጥይት ከተሞሉ ሁለት ካዝናዎች ጋር ሰጠኝ። «አንድም ቀን አልተተኮሰበትም፤ እንደ ሙሽራ ነው» አለኝ በኩራት። ልሞክረው ስለው «ጥይት ለግንባር ነው እንጂ ለጨዋታ አይደለም» ብሎ ቅጹን ገፋ አደረገልኝ። ቅጹ «ፈትሼ፣ በመልካም ሁኔታ ተረክቤአለሁ» ይላል። ፈረምኩ። ሁላችንም እንደዚያው ነበር የምንፈርመው። እኛ ዘንድ ያልተነካ ዕቃ ደህና ዕቃ ነው፤ ሶፋችንን ከነላስቲኩ የምናኖር ሰዎች ነን።

ረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ የመላጣውን ወገብ ያዝን። ሁለት ጓዶች ወድቀዋል። ሦስተኛው ምሽጉ አፍ ላይ ወደቀ። እኔና ከድር ምሽጉ ውስጥ ዘለን ገባን። ቦታው ጠባብ ነው፤ አቧራው ዓይን ያጠፋል። የከድር ክላሽ ጥይት ጨረሰ። «ሽፋን!» አለ፣ ካዝና ሊቀይር በርከክ ብሎ። ከማዕዘኑ አንድ ሰው ብቅ አለ። አሥር እርምጃ አይሆንም። ሁለት ተኮስኩ፤ ሳትኩት። ሦስተኛው ነከሰ፤ ጥይቱ መሃል ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ቃታውን ደጋግሜ ሳብኩ። እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ማንም አላሳየኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሰውየው ተኮሰ። ከድር «መቶ አለቃ» ብሎ ብቻ ቀረ። ሰውየውን ከኋላችን የደረሱት ጓዶች ጣሉት።

እኩለ ቀን ላይ ኮረብታው የእኛ ሆነ። በሳምንቱ ግምገማ ተቀመጥን። ሽጉጡ እንደነከሰ ተናገርኩ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ብድግ ብሎ የፈረምኩበትን ቅጽ አነበበ። ምንም ያልነበረበት አዲስ ሽጉጥ ነው ተባለ። አለቃችን «እጅህ ተንቀጥቅጦ ነው፤ በድንጋጤ ነው» አሉና እንደዚያው ተጻፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን እያየሁ ኖርኩ። የከድርን እናት ሸሽቼ በሌላ መንገድ እሄድ ነበር።

ከዚያ ለሥልጠና እንጦጦ ተላክኩ፤ ከኪዳነ ምሕረት አልፎ ባሕር ዛፉ ውስጥ ወዳለ መለማመጃ። ትምህርቱ በሽጉጥ ራስን መከላከል ነው። አሠልጣኛችን መቶ አለቃ ወይንሸት አጭር፣ ቁጡ ሴት ናት። መጀመሪያ ያለችን ይህ ነው፦ «ሽጉጥ በወሬ አይታመንም። ተኩሳችሁ እመኑት፤ ወይም ተኩሳችሁ ካዱት።» ከዚያ ቆሽሾም መተኮሱን እንድናይ ሽጉጡን እንዳንወለውል ከልክላ ከጠዋት እስከ ማታ አስተኮሰችን። ሲነክስ የካዝናውን ቂጥ በመዳፍ መምታት፣ የሽጉጡን የላይኛ ብረት ወደ ኋላ ስቦ እንደገና ማቀባበል፣ መተኮስ። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። እጄ እስኪላጥ ደጋገምኩት።

የያዝኩት በስሜ የተመዘገበውን ያንኑ ሽጉጥ ከነሁለቱ ካዝናዎቹ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ነከሰ። ወይንሸት ካዝናዎቹን ተቀብላ በጥፍር ቀለም አንዱን አንድ፣ ሌላውን ሁለት ብላ ምልክት አደረገችባቸው። አንደኛው አንዴም አልነከሰም። ሁለተኛው ግን ስንሞክረው፣ እንደገና ስንሞክረው፣ ሁልጊዜ ሦስተኛው ጥይት ላይ ነከሰ። ጥይቱን የሚይዘው የካዝናው ከንፈር ተጣሟል፤ እሷም ስትተኩስ ያው ነው።

«የኔም እጅ ተንቀጠቀጠ እንዴ?» አለችኝ። ታሪኬን ነግሬአት ነበር።

ነገሩን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀው። ግማሽ ሰዓትና ጥቂት ጥይት፤ ለከድር የተነፈገው ይህ ነው። ያን ካዝና ጥላ ሌላ ሰጠችኝ። እስከ ሥልጠናው ማብቂያ ሽጉጡ አንዴም አልነከሰም፤ እኔም አመንኩት። ማመኔ ግን ንዴቴን አባሰው እንጂ አላበረደውም።

በዚያው ሳምንት ጉርድ ሾላ ወረድኩ። የከድር እናት እማማ ሐሊማ ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ ያጥፋሉ።

«እጄ አልነበረም እማማ፤ ካዝናው ነው። ሳይሞከር ነው የሰጡን» አልኳቸው።

«ሳይሞከር ሲሰጡህ አንተ ምን አልክ ልጄ?»

ስለ ግምጃ ቤቱ፣ ስለ ግምገማው ያዘጋጀሁትን ቁጣ ሁሉ ተውኩት። «ፈትሼአለሁ ብዬ ፈረምኩ» አልኩ።

ጨርቁን አጥፈው ጨረሱ። «እንግዲህ ሁለተኛ እንዳትፈርም» አሉኝ።

ዛሬ ሲ.ኤም.ሲ የአንድ ግቢ ጥበቃ ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ወር ለጥበቃዎቹ ሽጉጥ መጣ፤ በዘይት የተወለወለ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ። ሥራ አስኪያጁ ቅጹን ይዞ መጣና «ፎርማሊቲ ነው ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ» አለኝ። ሽጉጦቹ መጀመሪያ ተኩስ ቦታ ተወስደው ካልተሞከሩ አልፈርምም አልኩት። ተኮሳተረ። ቅጹ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ልጆቹም በዱላ ይጠብቃሉ።

ከሃያ ስድስታችን አራቱ መላጣው ላይ ቀርተዋል። ሦስቱን የገደለው ጦርነቱ ነው። አራተኛው ከድር ነው፤ በእሱ ሞት ላይ የእኔ ፊርማ አለበት።