ቁልፉ እዚያው ነው

አደባባዩ መሀል የቆመው የብረት ዛፍ የሚበራው የሰው ድምፅ ሲሰማ ነው። ግንዱ ላይ ባለው ቱቦ ለተናገረ ሰው አምፖሎቹ ከሥር ወደ ላይ ተራ በተራ ይበሩለታል። ልጆች ይጮኹበታል፤ ጎረምሶች የልባቸውን ይሳደቡበታል። አንዲት ሴትዮ ግን በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥታ ሰው እስኪያልቅ ወረፋዋን ለሁሉም ትለቃለች።

የአደባባዩ ጥበቃ አመሏን በቃሉ ይዞታል። ክርኑ ላይ ሁለቴ የተጣፈ ግራጫ ሹራብ ትለብሳለች፤ ጫማዋ ግን እንግዳ ሊቀበል እንደወጣ ሰው ጫማ ሁሌ የተወለወለ ነው። የቱቦውን አፍ በመሐረቧ ጠረግ ታደርግና ጎንበስ ብላ፣ «ቁልፉ እዚያው ነው ልጄ፤ በሩንም አልቀየርኩት» ትላለች። ድምፅዋ ደካማ ነውና ከሦስተኛው ረድፍ በላይ በርቶላት አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ቱቦው ውስጥ ዝናብ ገብቶ ድምፅ የሚቀበለው ማይክሮፎን ተቃጠለ። ጠጋኞቹ ቢያቅታቸው አምፖሎቹ በየጥቂት ደቂቃው በራሳቸው እንዲበሩ አድርገው ሄዱ። ጥበቃው ይህን ለመጣው ሁሉ ይናገራል፤ ለእሷ ብቻ አልነገራትም።

ዛሬ ገና ጎንበስ ከማለቷ ዛፉ እስከ ጫፉ ቦግ አለ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ጥበቃው ዞረች።

«አየህልኝ ወንድሜ? ሳልናገር ሰማኝ።»

«አየሁ እናቴ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«እንግዲያው ልሂድ፤ ልጄ ቀድሞኝ ደርሶ በር ላይ እንዳይቆም።»

ስትሮጥ አይቷት አያውቅም ነበር። ከአደባባዩ ሳትወጣ ዛፉ ጠፋ፤ እንደገናም ማንም ሳይናገርበት በራ።