አባቴ ሱዳን የገቡበት ቀን

መንዝ ውስጥ ዘመሮ ከተማ ስማር ለእኛ ለዓይነ ስውራን ክፍል የሚናገር ካርታ ተላከልን። ወሰኑና ወንዙ ለጣት እንዲመች ከፍ ከፍ ያለ ሰሌዳ ነው፤ ቦታውን ጫን ሲሉት ስሙን ይጠራል፤ ድምፁ እንደ ዜና አንባቢ የኮራ። መምህራችን ከእኛ አብልጠው ስለወደዱት በላስቲክ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ዓርብ ዓርብ ብቻ፣ እጃችንን በሳሙና አስታጥበው፣ ለጥቂት ደቂቃ ያስነኩን ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ሊወስዱኝ መጡ፤ ለእኔ መቀመጫ በቅሎ ይዘው። የደብር ቄስ ናቸው። በእሳቸው ሐሳብ ዓይነ ስውር ልጅ ዜማ ተምሮ በቤተ ክርስቲያን ይኖራል፤ አስኳላ ትርፉ ድካም ነው። የእኔ ድምፅ ግን የበግ ነው፤ ዜማ ብማር የሚጎዳው ደብሩ ነበር። ደግሞም ትምህርቴን እወድ ነበር። የበቅሎዋን ኮቴ ደጅ ላይ ስሰማ ወንበሬን ሙጭጭ አልኩ።

መምህሩ ካርታውን ፈትተው አቀረቡላቸው። "አባ፣ ልጅዎ የሚማርበት ይህ ነው" አሉ።

አባቴ መማሪያ ሲቀርብላቸው የሚያውቁት ሥርዓት አንድ ነው። ጎንበስ ብለው ካርታውን እንደ መጽሐፍ ተሳለሙት።

"ሱዳን" አለ ካርታው።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። "መንዝንስ ያውቃታል?" አሉ።

አያውቃትም። እዚያ አካባቢ የትም ቢጫኑት "አማራ ክልል" ነው የሚለው።

"አገራችንን ሳያውቅ ምን ያስተምራል?" አሉና ጋቢያቸውን ሲሰበስቡ ሰማሁ። ሊነሡ ነው።

"አባባ፣ እኔ አውቃታለሁ" አልኩ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን፣ አፋር ሳይደርሱ፣ አንድ ዓርብ በድብቅ የጧፍ ሰም ለጥፌባት ነበር። ይህን ስናገር መምህሩ አቃሰቱ።

"ራሴ ልፈልጋት" አሉ አባቴ።

"ሱዳን" አለ ካርታው። ቆየት ብሎ "ሶማሌ" አለ።

"አባ፣ ዓይንዎን ይግለጡ እንጂ" አሉ መምህሩ። የገባኝ ያኔ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚፈልጉት።

"ተወኝ" አሉ፤ "ልጄ እንዴት እንደሚያየው ልየው።"

ብርድ ያደረቀውን ጣታቸውን ይዤ ከሶማሌ አወጣኋቸው፤ አዲስ አበባን አሳለፍኳቸውና ሰሙ ላይ አሳረፍኩት።

"አማራ ክልል" አለ ካርታው።

"እሱ ምን ያውቃል" አሉ አባቴ። ግንባሬን ስመውኝ ወጡና ለእኔ ያመጧትን በቅሎ ራሳቸው ተቀመጡባት።